ሳይወዱት ስለሚመኙት ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ በዋለች አንዲት እሑድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ ተፈጽሞ ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ፣ አብሮኝ ወንበር ሲያነሣ የቆየ አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀርቦ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን አይቆጡኝ» አለኝ። የነገረኝም ከዐሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት በስልኩ የዝሙት ፊልሞችን ሲመለከት እንደሚያድር፣ ብዙ ጊዜ ምሎ እንደ ተወና ብዙ ጊዜ መሐላውን አፍርሶ እንደ ተመለሰ፣ ከዚህም የተነሣ ወደ ቅዱስ ቍርባን መቅረብን እንደ ፈራ ነው። በመጨረሻም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋውን ቃል ጨመረ፦ «ከሁሉ የሚያስፈራኝ፣ አሁን አሁን ደስ እንኳ አይለኝም፤ ግን መተው አልቻልሁም።»

እኔም «ጹም፣ ስገድ፣ ሰይጣንን ተቃወመው» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አሰናበትሁት። ቃሉ ሐሰት አልነበረበትም። ነገር ግን ልጁ ሲጾምና ሲሰግድ የኖረ ነበርና፣ ከአፌ የሰማው ምክር ሁሉ አስቀድሞ የሞከረውና የወደቀበት ሆኖ ስላገኘው፣ ከዚያች ቀን በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠፋ። ይህን ታሪክ ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ የምጽፈውም በዚያች እሑድ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ቃል ስለ ዘገየሁበት ነው።

እኔ በልጅነቴ ፊደልንና ዳዊትን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁ፣ በወጣትነቴም በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ሥነ ሕይወትን ያጠናሁ ሰው ነኝ። ማለዳ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ኪዳን አስደርሼ፣ ከዚያ ተነሥቼ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምረውን መምህር ለመስማት ስሻገር፣ ከሰዓት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተቈጠረላት ድንቅነሽ ወዳለችበት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሽቅብ ስሄድ፣ ሦስቱ ስፍራዎች ለእግረኛ እንዲያ ተቀራርበው ሳሉ፣ በእኔ ልብ ውስጥ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ኖሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ቆየው ስለ ሃይማኖትና ስለ ዝግመተ ለውጥ ክርክር እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. በዩክሬን ምድር የተወለደውና በኦርቶዶክስ እምነት ያደገው፣ የዘመናዊውን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ካቆሙት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ቴዎዶስዮስ ዶብዣንስኪ፣ ያለዚህ ትምህርት ሥነ ሕይወት ትርጕም እንደማይሰጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በጻፈበት በዚያው ጽሑፍ፣ ራሱ በፈጣሪም በዝግመተ ለውጥም የሚያምን መሆኑን መስክሯል። በዚህ የማይስማሙ አባቶችና ወንድሞች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከዚህ በታች የምተርከውን የፍጥረታት ጠባይ በዐይናቸው አይተው ሊመረምሩት የሚችሉት ነው።

ኒኮ ቲንበርገን የተባለው ሆላንዳዊ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤልን ሽልማት የተካፈለው፣ ብዙ ዘመኑን የባሕር ዳር ወፎችን ጠባይ ሲመረምር ያሳለፈ ሰው ነበር። የአንዲት የባሕር ወፍ ጫጩት ከእንቁላሏ እንደ ወጣች፣ ማንም ሳያስተምራት፣ በእናቷ ቢጫ መንቁር ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ በመንቁሯ ትመታለች፤ እናቲቱም ከጉሮሮዋ ምግብ አውጥታ ትሰጣታለች። ቲንበርገን ሦስት ነጭ ቀለበት የተቀባበትን ቀጭን ቀይ ዘንግ ባቀረበላት ጊዜ ግን፣ ጫጩቲቱ የእናቷን ራስ አስመስሎ ከተሠራው ምስል ይልቅ ዘንጉን አብዝታ ስትመታ አየ። ዘንጉ ጉሮሮ የለውም፣ ምግብም አይሰጥም፤ ያለው ነገር ቢኖር ጫጩቲቱ እንድትከተለው ሆና የተፈጠረችለት ምልክት ብቻ ነው፣ እርሱም ከእናቲቱ ተነጥሎና ተጋንኖ። ሌላዋም የባሕር ዳር ወፍ የራሷን እንቁላል ትታ፣ ሰው የሠራውን፣ በላዩ ላይ በቅጡ መቀመጥ እንኳ የማይቻላትን ግዙፍ እንቁላል ለመታቀፍ ስትታገል ታየች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የአውስትራልያው ጥንዚዛ ነገር ነው። ዳሪል ግዊንና ዴቪድ ሬንትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ በምዕራብ አውስትራልያ በመንገድ ዳር በተጣሉ ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ላይ ወንድ ጥንዚዛዎች ተጣብቀው ሩካቤ ሊፈጽሙ ሲታገሉ ተገኙ። የዚህ ጥንዚዛ ሴቲቱ መብረር የማትችል፣ ከወንዱ የምትበልጥ፣ ቡናማና አንጸባራቂ ናት፤ ክንፏን የሚሸፍነው ቅርፊትም በጥቃቅን እብጠቶች የተሞላ ነው፤ ጠርሙሱም ቡናማና አንጸባራቂ፣ ከታችኛው ጠርዙም ጥቃቅን እብጠቶች ያሉበት፣ ከሴቲቱ ግን በመጠን እጅግ የሚበልጥ ሆነ። ወንዱ በጠርሙሱ ላይ ሳለ ጉንዳኖች ወረው ገላውን ሲነክሱት እንኳ ተመራማሪዎቹ አይተዋል፤ ከጠርሙሱም አጠገብ ጉንዳን የለበሰው ሌላ የሞተ ጥንዚዛ አገኙ። ይህን ታሪክ አንዳንዶች ለሣቅ ያወሩታል፤ እኔ ግን ባነበብሁት ቍጥር ያ ልጅ ዐይኑን ወደ መሬት አቀርቅሮ የቆመበት አዳራሽ ትዝ ይለኛል። ስፍር ቍጥር በሌለው ትውልድ ዘመን በዚያ በረሃ ቡናማና አንጸባራቂና እብጠታም የሆነ ነገር ሁሉ ሴት ጥንዚዛ ነበረና፣ የወንዱ ዐይን አልሳተም ነበር፤ ዐይኑ ታማኝ ሆኖ ሳለ ዓለሙ ተለወጠበት።

የሰውም ዐይን እንዲሁ ነው። 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች የነበሩት፣ እነርሱም ልቡን ያዘነበሉት ንጉሥ ሰሎሞን በዘመኑ ሁሉ ካየው የሚበልጥ ፊት፣ ዛሬ በአንድ ጠባብ ክፍል የተኛ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ በአውራ ጣቱ ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህ ልጅ «ጎረቤትህ ለምን አልወደቀም፣ አያትህ ለምን አልወደቁም» ማለት፣ ጠርሙስ በሌለበት በረሃ የኖረውን ጥንዚዛ ስለ ንጽሕናው ማመስገን ይመስለኛል።

«ደስ እንኳ አይለኝም» ስላለው ቃልም የተማርሁት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አግብተው፣ አይጡ መርገጫውን በረገጠ ቍጥር ያ ስፍራ በኤሌክትሪክ እንዲነካ ባደረጉ ጊዜ፣ አይጡ መርገጫውን ደጋግሞ ሲረግጥ አዩ፤ ከዚህም የተነሣ የደስታ ማደሪያ ተገኘ ተባለ። በኋላ ግን ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ባወጡት ትምህርት፣ በአንጎል ውስጥ መመኘት አንድ ነገር፣ መውደድ ደግሞ ሌላ ነገር እንደ ሆነ፣ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገርም በይበልጥ የሚያገለግለው መመኘትን እንደ ሆነ፣ ሰው በሱስ ሲያዝም ምኞቱ እያደገ ሲሄድ ደስታው ግን አብሮት እንደማያድግ አስረዱ። ቮልፍራም ሹልትዝም ጦጣዎችን ሲመረምር፣ የዶፓሚን ሕዋሳት በመጀመሪያ የፍራፍሬ ጭማቂው ጠብታ ለጦጣው ሲደርሰው ይነቃቁ የነበሩት፣ ጦጣው ምልክቱን ካወቀ በኋላ ጭማቂው ሳይሆን ምልክቱ ሲመጣ እንደሚነቃቁ አሳየ። ስለዚህ ልጁ ፊልሙን ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ስልኩ በእጁ ሲገባ፣ ጦርነቱ በግማሽ ተፈጽሟል። በካምብሪጅም ቫሌሪ ቩን እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በዝሙት ፊልም የተያዙ 19 ወንዶችን ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የተያዙት ፊልሞቹን ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ይመኟቸው ነበር፣ አብዝተው ግን አይወዷቸውም ነበር። ልጁ በዚያች እሑድ የነገረኝ ይኸው ነው፤ ጥናቱን ሳያነብ በሥጋው ያነበበውን ነገረኝ።

ይህንም ቤተ ክርስቲያናችን የማታውቀው አይደለም። እኛ ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ብለን ስንናዘዝ፣ አባቶች ሐልዮን በመጀመሪያ ያኖሩት በከንቱ አይደለም። በግብፅ በረሃ የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም. ያረፈው ኤዋግርዮስ፣ መነኩሴውን የሚፈትኑትን ስምንት ሐሳቦች ሲቈጥር፣ ሐሳቡ መምጣቱ በእኛ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ መቆየቱና አለመቆየቱ ግን በእኛ እንደ ሆነ አስተምሯል። ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም፣ አስቀድሞ ሽፍታ የነበረው፣ የዝሙት ጦር በጸናበት ሌሊት ወደ አባ ኢሲድሮስ መጥቶ ወደ በኣቱ መመለስ እንዳልቻለ በተናገረ ጊዜ፣ ሽማግሌው አልገሠጸውም፤ ወደ ሰገነት አወጣውና በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅም ከእነዚያ የሚበዙትን የሚራዱትን መላእክት አሳየው። በዚያ በረሃ ሥዕል አልነበረም፣ ስልክም አልነበረም፤ መነኮሳቱን የሚዋጋቸው ትዝታቸው ነበር። ሙሴም ከዚያ ሌሊት በኋላ በአንዴ አልዳነም። እኔ ግን ወንበር የሚያነሣውን ልጅ ወደ ሰገነት በማውጣት ፈንታ በደጅ አሰናበትሁት።

እዚህ ላይ ሱስ ስለሚለው ቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እኛ ምእመናን ይህን ቃል እንደ ዋዛ እንወረውረዋለንና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በጸደቀውና ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገቡ፣ ሰው ሊገታው ያልቻለውን የወሲብ ጠባይ እንደ ሕመም ቢመዘግበውም፣ ከቁማር ጋር በሱሶች ተርታ አላኖረውም፤ ጭንቀቱ ከሥነ ምግባር ወቀሳ ብቻ የመጣበትንም ሰው በዚህ ሕመም እንዳይፈርጁት አስጠንቅቋል። ጆሹዋ ግራብስና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሃይማኖተኛ የሆነና ነገሩን አጥብቆ የሚኰንን ሰው፣ የሚመለከተው ጥቂት ቢሆን እንኳ ራሱን ሱሰኛ ብሎ ለመጥራት እንደሚቀርብ አሳይተዋል። አንዳንዱ ሰው በእውነት ታሟል፣ ሐኪምም ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው በድሏል፣ የሚያስፈልገውም የንስሐ አባት ነው። ሁለቱን ሳንለይ ሁሉንም «ሱሰኛ» ወይም «አጋንንት ያደረበት» ስንል፣ የምናተርፈው ቀቢጸ ተስፋን ነው፤ ተስፋ የቈረጠ ሰውም ኀዘኑን የሚያስረሳው ነገር ፈልጎ ወደዚያው ስልክ ይመለሳል። እንደ እኔ እምነት፣ ከወጣቶቻችን ብዙዎቹን አስሮ የያዘው ከፍትወቱ ይልቅ ከዚህ ስም የሚመጣው ኀፍረት ነው።

«እንግዲያማ ተፈጥሮ ነው ካልህ ኃጢአት አይደለም ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ፍትወትን በተፈጥሮ የሰጠ፣ ተክሊልንም የባረከ እግዚአብሔር ነው፤ የጫጩቲቱ ዐይን ቀዩን ነጥብ መሻቱ በጎ ነው፣ በዘንግ የለወጠው ግን ሌላ እጅ ነው፣ ያም እጅ ዛሬ ከእያንዳንዱ ሌሊታችን ገንዘብ ይሰበስባል። ከዚህም የሚብስ ልዩነት አለ። ጥንዚዛው የተሳሳተበት ጠርሙስ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እኛ የምንሳሳትበት ግን በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረች ሴት ናት፣ ስም ያላት፣ የአንዲት እናት ልጅ፣ በችግር ወይም በግድ ወይም በማናውቀው ምክንያት በዚያ ብርሃን ፊት የቆመች። ጥንዚዛው ይህን ሊያስብ አይችልም። ያ ልጅ ግን ያስባል፤ በኋላ ዘመን እንደ ነገረኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እጁን የያዘው ጾሙም ስግደቱም ሳይሆን፣ አንድ ሌሊት በፊልሙ ውስጥ የአንዲቱን ልጅ ፊት አይቶ እኅቱን ማስታወሱ ነበር።

በጾመ ፍልሰታ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም አፈረ። ከዚያም በዚያው አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ጫጩቲቱና ስለ ጥንዚዛው፣ ስለ ሹልትዝ ጦጣዎችና ስለ አባ ኢሲድሮስ ሰገነት ነገርሁት፤ ሳይገሥጹ የሚሰሙ አንድ የንስሐ አባትም አገናኘሁት። ባለፈው ወር ደግሞ ወድቆ ነበር። ቀድሞ አንድ ዓመት ይፈጅበት የነበረውን መንገድ በአንድ ሌሊት ተመልሶ፣ ማለዳ ኪዳን ሳያልቅ ከንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ እንደ ነበር ነገረኝ። አሁን ሲመሽ ስልኩን በክፍሉ አያሳድርም፤ ሳሎን፣ እናቱ የቡና ሲኒዎቿን በምታኖርበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ሌሊት ምን ሆነህ ነው ብትለው «እንቅልፍ እየነሣኝ ነው፣ እማዬ» አላት። እርሷም ከዚያ ወዲያ ምንም ሳትጠይቅ፣ ማታ ማታ ሲኒዎቹን በምትሸፍንበት ጨርቅ ስልኩንም አብራ ትሸፍነዋለች።