የተሣለ እግር እንዴት ይረግጣል?

በአኒሜሽን ፊልም ውስጥ በራሱ የሚመጣ ድምፅ የለም። ተዋናይ በሚጫወትበት ፊልም ቀረጻው ላይ ማይክሮፎን ስላለ ኮቴው፣ የበሩ ሲጥሲጥታ፣ የልብሱ ኮሽታ ጥራቱ ቢጓደልም አብሮ ይገባል። የተሣለ ገጸ ባሕርይ ግን ቢሮጥም ቢወድቅም ዝም ነው። የእያንዳንዷን እርምጃ ድምፅ ምስሉን እያየ የሚሠራለት ሰው ያስፈልገዋል። ሥራው ፎሊ ይባላል፤ ስሙም የመጣው በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ለዓመታት ይህንኑ ሲሠራ ከኖረው ከጃክ ፎሊ (እ.ኤ.አ. 1891–1967) ነው።

ባለሙያው መጀመሪያ ፊልሙን ደጋግሞ ያያል፤ ድምፅ የሚሹትን ቦታዎች ይመዘግባል። ቀረጻው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል፦ ኮቴ፣ የልብስ እንቅስቃሴና በእጅ የሚነካ ዕቃ። የልብሱ ድምፅ ጨርቅ ይዘው ከምስሉ ጋር እያሹ የሚሠራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ዋናው ፈተና ኮቴው ነው። ሥዕል ክብደት የለውም፤ ገጸ ባሕርዩ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ደክሞት ይሁን ተናዶ፣ ተመልካቹ የሚያምነው እግሩ መሬት ሲነካ በሚሰማው ድምፅ ነው። ስለዚህ በፎሊ ክፍል ወለል ላይ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ጣውላና ሲሚንቶ በየራሳቸው ቦታ ይዘጋጃሉ፤ ጫማም በየዓይነቱ ይደረደራል። ባለሙያው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከተረከዝ ወደ ጣት እየረገጠ የገጸ ባሕርዩን አካሄድ ይከተላል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ ኮቴው በጥቂት ፍሬም እንኳ ቢዘገይ እግሩ ከመሬቱ የተለያየ ይመስላል።

ድምፁ ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ ተመልካቹ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። በቆዳ ከረጢት የታሰረ የበቆሎ ስታርች ሲጨመቅ በረዶ ላይ የመራመድ ድምፅ ይሰጣል። ሴለሪ የተባለው አትክልት ቀጭ ሲል አጥንት ተሰበረ፤ የቆዳ ጓንት ሲራገብ ወፍ በረረች። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዲዝኒ የሠራው ጂሚ ማክዶናልድ ደግሞ የድምፅ መሣሪያዎቹን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ዎል-ኢ» የተባለ የሮቦት አኒሜሽን ፊልም የድምፅ ዲዛይነሩ ቤን በርት ለሮቦቱ እንቅስቃሴ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ተጠቅሟል፤ በፊልሙ ውስጥ ያለችውን በረሮ የእግሮች ድምፅ ያገኘው ከእጅ ካቴና ነው። የበርት ሥራ ከፎሊ ሰፋ ያለ የድምፅ ዲዛይን ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው፦ ዕቃውን ሳይሆን ድምፁን መፈለግ።

ቀረጻው ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። ፍሪጅ፣ የኮምፒዩተር ማራገቢያ፣ የመንገድ መኪና ሁሉ ከኮቴው ጋር ይገባሉ፤ አንዴ ከገቡም ለማውጣት ያስቸግራሉ። ማይክሮፎኑ ሲቀርብ ዝርዝሩ ይጎላል፣ ሲርቅ ደግሞ የክፍሉ ስፋት ይሰማል። ገጸ ባሕርዩ ከሩቅ እየሄደ ኮቴው ጆሮ ሥር ከተሰማ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው ትዕይንቱን ያበላሸዋል።

በመጨረሻ ፎሊው ከንግግር፣ ከሙዚቃና ከአካባቢ ድምፅ ጋር ይቀናበራል። ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ከንግግሩ ተለይቶ ከተቀመጠ ፊልሙ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ የሚቀየረው ንግግሩ ብቻ ይሆናል። በአማርኛ አኒሜሽን የምትሠሩ ወጣቶች፣ ፊልማችሁ በአፋን ኦሮሞም በትግርኛም እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ኮቴውን ከንግግሩ ጋር በአንድ ትራክ አትቅዱት።