አማርኛ የማይሰማው መብራት

ናይሮቢ ያለው ቤታችን መብራቱ በድምፅ ይበራል። ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲያዙት ወዲያው እሺ ይላል። እማዬ ግን ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፤ «መብራቱን አብራው» ብትለው ዝም ይላታል። እኔ ለንግድ ሞያሌ ስሄድ፣ ሌሊት ልጆቹን ላለመቀስቀስ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር መታጠቢያ ቤት የምትሄደው። በ70 ዓመት መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ አምፖል አስገጠምኩላት። ቋንቋም ዋይፋይም አይፈልግም። «ይሄኛው ሳልናገረው ይገባዋል» ትላለች።

ወገኖቼ፣ ለወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የማንን ቋንቋ እንደሚሰማም ጠይቁ። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን እዩ፤ እዚያ 120 ነው፣ ኢትዮጵያ 220፣ ኬንያ 240።