መጀመሪያ ማጣራት



ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁናል፦ «ምዕራባውያን ጽንፈኝነትንም ኒውክሌርንም እንዋጋለን ሲሉ ለምን የሚያልቀው ሙስሊሙ ነው?» ጥያቄው እኛንም ያብሰለስለናል።

እ.ኤ.አ በ2003 አሜሪካና ብሪታኒያ «ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለ» ብለው ኢራቅን ወረሩ። መሣሪያው አልተገኘም። ከፍርስራሹ መሐል ግን አይሲስ ተነሳ፤ በ2014 ሞሱልን ያዘ፤ ሙስሊሙንም ፈጀ። በ2015 ደግሞ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወገኖቻችንን ገደለ።

በዚያው በ2015 ከኢራን ጋር ሌላ መንገድ ተሞከረ። ኢራን ዩራኒየምን ከ3.67 በመቶ በላይ ላለማበልጸግ ተስማማች፤ ተቆጣጣሪዎችም ይፈትሹ ነበር። በ2018 አሜሪካ ውሉን ጥላ ወጣች። በ2021 ኢራን 60 በመቶ ደረሰች። እስከዚያ ይዟት የቆየው ቦምብ ሳይሆን ፍተሻና ውል ነበር።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ታስተምረናለች። ትምህርቱ ለእኛም ነው። የኢራቅ በደል አንጀታችንን ቢያቃጥለውም፣ ንጹሕ ሰው ለሚያርድ ማመካኛ አይሆነውም። ወንድሞችና እህቶች፣ በቁጭታችሁ የሚነግድ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት አጣሩ።

ወላሁ አዕለም።