ከሁለተኛው ዲግሪ በፊት

«ስትጨርሱ ምን ልትሆኑ ነው?» ለሚለን ሰው «በቤተ መዘክር ልንሠራ ነው» ብለን ስንመልስ መሳቁ አይቀርም። እናታችን እንኳ «የድሮ ዕቃ ለመጠበቅ ይህን ያህል ዘመን መማር ያስፈልጋልን?» ብላ ጠይቃናለች።

እኛም በኩራት መለስንላት። ይህ ሙያ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያስተምረዋል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያልያዘ ሰው ዘበኛ እንጂ ባለሙያ ሊባል አይችልም አልናት።

ባለፈው ክረምት ግን ኩራታችን በረደ። ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ያለ ደመወዝ ልናገለግል ገባን። በመጀመሪያው ሳምንት አቧራ የጠገበ አገልግል አገኘንና በእርጥብ ጨርቅ ወለወልነው። አገልግሉ አማረበት፤ እኛም ደስ አለን። ከሰዓት በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ መጥተው ገለበጡትና «ቁጥሩስ የት ሄደ?» አሉን። ቁጥሩ በቆዳው ላይ በቀለም ተጽፎ ኖሮ፥ ከአቧራው ጋር በጨርቃችን ላይ ቀርቷል።

መዝገቡ ሲገለጥ አራት አገልግሎች ተጽፈዋል። ሦስቱ ከገበያ የተገዙ ናቸው፤ በአንዱ ግን በጠላት ወረራ ዘመን የአርበኛ ስንቅ ተልኮበት ነበር ይላል። ሁለቱ አስቀድሞ ቁጥራቸው ጠፍቷል፤ የእኛው ሦስተኛ ሆነ። ቁጥር የቀረለት አንዱ ደግሞ የገበያው ነው። የአርበኛው ስንቅ የተላከው ከሦስቱ በአንዱ ነው፤ በየትኛው እንደ ሆነ ግን የሚናገር የለም። ሽማግሌው አልተቆጡንም። «ዕቃው አለ፤ ታሪኩ ሞተ» ብቻ አሉ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱን እንደገና አነበብን። እንደ ቆዳና እንደ ስፌት ባለ ዕቃ ላይ ቁጥሩ በጥብጣብ ተጽፎ ይታሰራል እንጂ በቀለም አይጻፍም። ብራናና ጨርቅም ከ50 ሉክስ የበለጠ ብርሃን እንዳያገኛቸው ይመከራል፤ ብርሃን ያጠፋው ቀለም አይመለስምና። ይህን ሁሉ ቀድሞም አንብበነው ነበር፤ ያነበብነው ግን ለፈተና ነው።

ይህን ስንል ትምህርት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥሩን በቀለም የጻፈው ልምድ ያለው፥ ትምህርት የጎደለው እጅ ነው፤ የፋቀው ደግሞ ትምህርት ያለው፥ ልምድ የጎደለው የእኛው እጅ ነው። አገልግሉን የጎዱት ሁለቱም ናቸው።

በስድስት ኪሎ ግቢያችን ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክርም እናስብ። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት ስብስቡን የጀመሩት የዩኒቨርስቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከዕቃው ጋር ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። እጅ ቀደመ፤ መጽሐፍ ተከተለ።

እንግዲህ ቁርጣችን ይህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የሞላነው ማመልከቻ ጠረጴዛችን ላይ አለ። ዘንድሮ አንልከውም። ዕድሉ ሊያመልጠን ይችላል፤ ደመወዙም እናታችን የጠበቀችውን ያህል አይሆንም። ቢሆንም አንድ ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተን፥ ምን እንደማናውቅ ለይተን እንሄዳለን። ይህን ሙያ የምትመኙ ጓደኞቻችንም ማመልከቻችሁን ከመላካችሁ በፊት አንድ ክረምት ከመዝገብና ከዕቃ ጋር እንድትውሉ እንለምናችኋለን።

ለእናታችንም አሁን የምንመልሰው ሌላ ነው። እማዬ፥ ዕቃ መጠበቅስ ቁልፍ ያለው ሁሉ ይጠብቃል፤ እኛ የምንማረው የማን ስንቅ እንደ ነበረ እንዳይረሳ ነው።