ጊዜው ያለፈበት ቅጂ

ተማሪዎች ሆይ፣ እናት ለሦስት ቀን የሚበቃ እንጀራ ጋግራ በመሶብ የምታኖረው፣ ቤተሰቡ በተራበ ቁጥር ምጣድ እንዳትጥድ ነው። ሆኖም እንጀራው ከቀኑ ካለፈ እንደሚሻግት ታውቃለች። የድረ ገጽ ሥራም ይህንኑ ይመስላል። አንድ ገጽ በተጠየቀ ቁጥር ጽሑፉን ከመረጃ ቋት አውጥቶ እንደገና ከማሰናዳት ይልቅ፣ ሶፍትዌሩ የተዘጋጀውን ቅጂ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ያኖራል። ገጹም ፈጥኖ ይከፈታል።

እኔ ግን ፍጥነቱን ስወድ ጊዜን ዘነጋሁ። መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ የማዘጋጀው ዎርድፕሬስ በተባለው ሶፍትዌር ነበር። የፈተና መርሐ ግብሩ ቅጂ 604,800 ሰከንድ፣ ማለትም ሰባት ቀን፣ እንዲቆይ ወሰንሁ። ሰኞ ዕለት የዓርቡ ፈተና ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ እኔም መዝገቡን አረምሁ። ገጹ ግን አሮጌውን ቅጂ ማሳየቱን ቀጠለ። ዓርብ ጠዋት፣ ሳምንቱን ታማ ከቤት የሰነበተች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እስክሪብቶዋን ይዛ ከባዶው ክፍል ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ገጹ ዓርብ ይላል እኮ» አለችኝ። ፈተናውን በሌላ ቀን ብትወስድም፣ ያን ዕለት ያፈሰሰችው ዕንባ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ የቅጂውን ዕድሜ ወደ 3,600 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ አንድ ሰዓት፣ አሳጠርሁ። ከዚህም በላይ መርሐ ግብሩ በተለወጠ ቁጥር ቅጂው ወዲያውኑ እንዲሰረዝ አደረግሁ፤ አንድ ሰዓትም ቢሆን ሰውን ለማሳሳት ይበቃልና።

ይሁን እንጂ የጊዜው ማለፍ ብቻውን ማከማቻውን አያጸዳም። የሻገተ እንጀራ ባይበላም መሶቡን ይይዛል። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 4.9 እትም ጀምሮ፣ እንደ እኔ ቅጂ ያሉትን ትራንዚየንት የሚባሉ ጊዜያዊ መረጃዎች ዕድሜያቸው ሲያበቃ በየቀኑ ይጠርጋል። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ይህ ጽዳት የሚነሣው አንድ ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት ስለሆነ፣ ጎብኚ ከሌለ ይዘገያል።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ሌሎች የሚያምኑትን ነገር ስታኖሩ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ እስከ መቼ እውነት ነው? እውነትነቱ ሲያበቃስ ማን ያነሣዋል?