ሮኬቱና የሞጣ ዲሽ

ጥቅምት 19 ቀን 2002 ዓ.ም. አሪያን 5 ሮኬት ኤንኤስኤስ 12 የተባለውን የመገናኛ ሳተላይት ይዞ ከፈረንሳይ ጊያና ሲተኮስ፣ ሞጣ ውስጥ ወሬውን የሰማ ሰው አላውቅም። ኢትዮሳት በዚሁ ሳተላይት ስርጭት ሲጀምር ግን፣ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት የሰፈራችን ዲሾች ወደ ምሥራቅ ዞሩ። እናቴ ቅዳሴውንም ዜናውንም ቤቷ ሆና የምትከታተለው በዚያ ነው።

ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ መነካካት አያሻውም። ነዳጁ ሲያልቅ ግን ቦታውን ይስታል። እንዲህ ያሉት ሳተላይቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ለ15 ዓመት ያህል እንዲያገለግሉ ነው፤ ይኼኛው 2017 ዓ.ም. ላይ 15 ዓመት ሞልቶታል።

ስለዚህ ሮኬት ሲተኮስ በስልኬ በቀጥታ እከታተላለሁ። «ምን ይሠራልሃል?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ተተኪው በጊዜ ካልወጣ የእናቴ ቴሌቪዥን ባዶ ሰማያዊ መስኮት ይሆናል።