ቀይ ቀለምና የደኅንነት ሰነድ

አባቶቻችን በብራና ሲጽፉ ሁለት ቀለም ያሰናዱ ነበር፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት። ቀዩ ቀለም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ይህ ቃል እንደ ሌላው አለመሆኑን ለአንባቢው ያስታውቃል እንጂ።

ይህን ነገር ደጋግሜ የማስበው በዚህ በቴፒ ለእሸት ቡና ማጠቢያ የሚሆን የደኅንነት ሰነድ በማሰናዳበት ጊዜ ነው። በሰነዱ ውስጥ «የመፈልፈያው ቺንጊያ የሠራተኛ እጅ እንዳይዝ በብረት መከለያ ይሸፈን፤ መከለያው መጥበቁም በየጧቱ ተመርምሮ ይፈረም» የሚል ቃል አለ። ላነበበው ሰው ግልጽ ነው። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ የእጅ መያዝ አደጋ ነው፣ መከለያው መከላከያ ነው፣ ፊርማው ማስረጃ ነው። ፊደሉን ማወፈር ወይም ከሥሩ ማስመር ይህን ለይቶ አያሳይም።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው ኤክስኤምኤል የተባለው የአጻጻፍ ደንብ ለዚህ የተመቸ ነው። በእርሱ የቃሉ መልክ ሳይሆን ምንነቱ በምልክት ይነገራል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። አደጋው ከመከላከያው፣ መከላከያውም ከማስረጃው ጋር በቁጥሩ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ መከላከያ የሌለው አደጋ፣ ማስረጃም የሌለው መከላከያ የትኛው እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ፈትሾ ያወጣል። ቺንጊያው ቢለወጥም ከእርሱ ጋር የታሰረው ሁሉ እንደ ገና ለምርመራ ይጠራል።

ይህ የጽሕፈት ቤት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚመልሰው ሥርዓት በመጀመሪያ ሲታሰብ የጭራውን ክንፍ በአንድ ጊዜ ከ0.6 ዲግሪ አብልጦ እንዳያንቀሳቅስ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ። ለውጡም ለሚመለከታቸው የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች ሁሉ በጊዜው አልደረሰም። ለአደጋው ሌላም ምክንያት ነበረ፤ ሥርዓቱ በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ ይመራ ነበርና። ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በእርሱ ላይ የቆመው ሁሉ ካልተነሣ ጉዳቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ ምልክት ታማኝነትን አይተካም፤ ሐሰተኛ ፊርማም ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ነገር ግን ጉድለት በረዥም ንባብ ውስጥ እንዳይሸሸግ ያደርጋል። የለቀማው ወራት ደርሶ መፈልፈያው ከመነሣቱ አስቀድሞ የጎደለው መከላከያ በወረቀት ላይ ቢገኝ፣ በሰው እጅ ላይ ከመገኘቱ ይሻላል።